ብቻቸውን የሚመጡ ሰዎች ረድፍ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ምግብ ቤት ገብታ ምሳ ስትበላ ሰው ዝም ብሎ አያልፋትም። ወይ ያዝንላታል፣ ወይ ይጠረጥራታል። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። ሥራዬ የውሃ ጥራት ምርመራ ነው፤ ጠዋት ከየጉድጓዱና ከየቦኖው ናሙና እሰበስባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ገብቼ እመረምራለሁ። ቤቴ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ስለሆነ ለምሳ ደርሶ መመለስ አይታሰብም። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ አንዲት ልጄ ራቅ ያለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ምሳ ሲደርስ ተጠራርተው ሥጋ ቤት ይሄዳሉ፤ እኔም አንድ ሁለቴ አብሬያቸው ሄጄ ጨዋታቸውን እንዳበላሸሁባቸው ሲገባኝ ተውኩት።

መጀመሪያ ሰሞን የገባሁባቸው ቤቶች ሁሉ አቀባበላቸው አንድ ነበር። አስተናጋጁ ይመጣና ሰው እየጠበቅሁ እንደሆነ ይጠይቀኛል። አይደለም ስለው ብቻዬን መሆኔን ደግሞ ያረጋግጣል። ከዚያ አራት ሰው የሚያስቀምጠውን ጠረጴዛ እያየ ይቆማል፣ እኔም ጥፋት እንደሠራ ሰው ተነስቼ ወደ ጥግ እሄዳለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚባልበት አገር ነው። ማንም ቃሉን ባያወጣውም ፊታቸው ላይ ይነበባል።

በዋናው መንገድ ዳር ያለውን ምግብ ቤት ያገኘሁት እንዲህ ስንከራተት ነው። እዚያ አንዲት አስተናጋጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ከወለጋ ከተፈናቀሉት ናት። እዚያ በቆሎ የሚያበቅል ሰፊ መሬት ነበራቸው፤ እዚህ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ ትኖራለች። ባሏ የት እንደደረሰ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። እሷም በተራዋ አልጠየቀችኝም። የመጀመሪያው ቀን መስኮት አጠገብ አስቀመጠችኝ፣ ሽሮዬን አመጣች፣ ሲቀዘቅዝ ስለማይጥም ቶሎ እንድበላ ነግራኝ ሄደች። በቃ፣ ይኸው ነበር። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ግን በዚያ ቀን ምሳዬን አንገቴን ቀና አድርጌ በላሁ።

እየቆየን ስንሄድ አንቱታው ቀረ። «እትዬ» የሚለው ብቻ ተረፈ። ቤቱ ጭር ያለ ቀን የራሷን ምሳ ይዛ ትመጣና በአንድ ትሪ ላይ ገልብጣው አብረን እንበላለን። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ነፋሱ የመጠለያውን ሸራ እንዴት እንደሚያንገላታው፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ላይ የደብረ ብርሃን ልጆች ንግግራቸውን እየደገሙ እንዴት እንደሚስቁባቸው ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ ጣርማ በር አካባቢ ናሙና ልወስድ ከመኪና ወርጄ በጉም መኪናችንን እንዳጣኋት ነገርኳት፤ እስከ ዛሬ ባሰበችው ቁጥር ትስቅብኛለች። ደንበኛ ከገባ ጉርሻዋን እየዋጠች ብድግ ትላለች። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ብቀርም ብቻዬን እንደሆንኩ አይሰማኝም ነበር። ከእሷ ጋር ያልበላሁባቸው ቀኖች ይበዙ ነበር፤ ግን በእነዚያም ቀኖች እዚያው አካባቢ ነበረች።

የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው፣ የባለቤቱ የወንድም ልጅ። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ሰው አክባሪ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ባለፈው ዓመት በጋ ላይ አንድ ቀን ፈቃዴን ጠይቆ አጠገቤ ተቀመጠና ብቻዬን ስመገብ ምን እንደሚያስቸግረኝ ጠየቀኝ። ሰው አስቦ ስለጠየቀኝ ደስ አለኝ። የልቤን ነገርኩት። ማንን እንደምጠብቅ መጠየቅ እንደሚሰለቸኝ፣ ሰው ሲያፈጥብኝ ምግቡ እንደማይወርድልኝ፣ ማንም ምንም ባይጠይቀኝ ደስ እንደሚለኝ። ስልኩ ላይ ጻፈው፣ አመሰገነኝና ሄደ። እኔም ረሳሁት።

ወር ሳይሞላ ሮቦቱ መጣ።

ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ ነጭ ነው፣ ሦስት መደርደሪያ አለው፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ዓይን የሚታይበት ስክሪን። በእግር ፋንታ ጎማ ነው ያለው። የወጥ ቤት ሴቶች በነጭ ለብሶ ዝግ እያለ ስለሚሄድና ግራ ቀኝ ስለማያይ ሙሽሪት አሉት፤ ስሙም ጸደቀ። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ከጫጫ ከተማ ድረስ እሱን ለማየት የመጡ ነበሩ። ሰው ምግቡን ትቶ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል፣ ሕፃናት መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ደፍጥጠው ያያሉ። እኔም ስቄያለሁ። ለልጄም ፎቶ ልኬላታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት እንደ ልማዴ ወደ መስኮቴ ስሄድ አንድ አዲስ አስተናጋጅ መንገዴ ላይ ቆመ። ብቻዬን ከሆንኩ ቦታዬ ታች መሆኑን በትሕትና ነገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ በአንዲት እርከን ለሁለት ይከፈላል። መስኮት ያለው ወገን ከፍ ያለ ነው፣ በግድግዳው በኩል ወደ እጅ መታጠቢያው የሚወስደው ዝቅ ያለ ነው። ሮቦቱ እርከን መውጣት አይችልም። ስለዚህ ታች በግድግዳው ጥግ ትንንሽ ጠረጴዛዎች በረድፍ ተደረደሩና ለእሱ ተሰጡ። ላይ ተሰብስበው ለሚመጡት፣ ብዙ ለሚያዙት፣ ሰው ያስተናግዳል። ታች ብቻቸውን ለሚመጡት ሮቦቱ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ወንበር ብቻ ነበረው፤ ሁለተኛው ለመንገዱ እንቅፋት እንዳይሆን ተነስቷል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ እጁን ሊታጠብ የሚሄድ ሰው ሁሉ ያልፋል።

ትዕዛዙ መግቢያው ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ሙሽሪት ቀስ ብላ መጣች፣ አጠገቤ ቆመች፣ በሴት ድምፅ ተናገረች። «ምግብህ ደርሷል። ሳህንህን አንሳና አረንጓዴውን ምልክት ንካ።»

እኔ የሃምሳ ዓመት ሴት ነኝ። ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ እንደ ጎረምሳ «አንሳ» መባል እንደማይመቸኝ ነገርኩት። ልጁ ከልቡ ደነገጠ፤ ብዙ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ድምፁን እንደሚያስቀይረውም ቃል ገባ። አስቀየረውም። በሳምንቱ ሙሽሪት መጥታ፣ «ምግባችሁ ደርሷል። ሳህናችሁን አንሱና አረንጓዴውን ምልክት ንኩ» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁን ምነው ስለው አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚለው ለማሽኑ ስለሚያስቸግረው «እናንተ» ለሁሉም እንደሚሆን አስረዳኝ። እንግዲህ አንድ ወንበር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ግድግዳ እያየሁ፣ እናንተ ተባልኩ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

አስተናጋጇን ወደ ወጥ ቤት አዛወሯት። ሥራዋ ሳህን ማጠብና ምግቡን ሮቦቱ ላይ መጫን ሆነ። በምግብ ማቀበያዋ መስኮት በኩል አንዳንዴ ታየኛለች፣ እርጥብ እጇን ከፍ ታደርግልኛለች። በደብረ ብርሃን ብርድ ቀኑን ሙሉ እጅን ውሃ ውስጥ መንከር ምን ማለት እንደሆነ የነካው ያውቀዋል። እንዴት ነሽ ስላት ከነፋሱ ይሻላል ትለኛለች።

ለምን ሌላ ቤት አልሄድኩም የሚል ይኖራል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ቅርብ ስለሆነ ነው እያልኩ አልፈው ነበር፤ እውነቱ ግን እልህ ነው። ያንን መስኮት ለማግኘት ብዙ ምሳ በላሁ፣ ብዙ ዓይን ቻልኩ፤ ለአንድ ጎማ ላለው መደርደሪያ ለቅቄ መሄድ አልዋጥልሽ አለኝ። ስለዚህ ጥፋቱን መልቀም ጀመርኩ። ሾርባ ሲያፈስ፣ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ባለበት ሲደርቅ፣ መሀል መንገድ ለቀረ ወንበር «እባካችሁ መንገድ ልቀቁ» እያለ ሲለምን፣ ሁሉንም ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ሲበቃ ለሥራ አስኪያጁ አነብለታለሁ ብዬ ነው። ምሳዬ ምሳ መሆኑ ቀርቶ የክስ መዝገብ ሆነ። ምን እንደበላሁ እንኳ የማላስታውሳቸው ቀኖች ነበሩ።

አንድ ሐሙስ ቀን አንድ ሽማግሌ ገቡ። አውቃቸዋለሁ፤ ማለት አስተናጋጇ ስለሳቸው ነግራኛለች። የአንኮበር ሰው ናቸው። ሚስታቸው ቁልቁለት ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ እሳቸው ያስታምማሉ። ሮቦቱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ጊዜ መጥተው እሷ አስተናግዳቸዋለች። መጀመሪያው ቀን ምግቡ ፊታቸው ቀርቦ ዝም ብለው ሲያዩት ብትጠይቃቸው፣ ያለ ባለቤታቸው በልተው እንደማያውቁ ነገሯት። እስኪጨርሱ አጠገባቸው ተቀምጣ ቆየች። ሁለተኛው ጊዜም እንደዚያው።

ያን ሐሙስ ታች አስቀመጧቸው፣ ከእኔ አንድ ጠረጴዛ አልፎ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። እጃቸውን ታጥበው መጥተው ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ጣቶቻቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ዓይናቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር። እሷን እየፈለጉ እንደሆነ ገባኝ።

ሙሽሪት ሽሯቸውን ይዛ መጣች፣ ቆመች፣ ያንኑ ተናገረች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ገሚስ ተነሱ፤ ምግብ ይዞ ለመጣ ሰው እንደሚነሱት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አኑሪው» አሏት።

እሷ አላኖረችም። እሳቸው ገሚስ እንደተነሱ ቆዩ። ምግቡን ራሳቸው ማንሳት እንዳለባቸው አልገባቸውም፣ ከሌላ ሰው ገበታ ላይ ምግብ ማንሳት ደግሞ የሚያፍሩበት ነገር ነው። ጥቂት ቆይታ ሙሽሪት ዞራ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ተቀመጡ።

እኔ ይህን ሁሉ አየሁ። ሳህኑን አንስቼ ፊታቸው ለማስቀመጥ ሦስት እርምጃ ይበቃኝ ነበር። አልተነሳሁም። የስልኬን ካሜራ ከፈትኩ። ተመልሳ ስትመጣ ቀርጬ ለሥራ አስኪያጁ አሳየዋለሁ፣ ይህን ካየ ሌላ የሚለው አይኖረውም፣ ብዬ ነው ያሰብኩት። ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ሽማግሌው አልነበሩም፤ ክሴ ነበር።

ተመልሳ መጣች። አሁንም ገሚስ ተነሱ፣ አሁንም አመሰገኑ፣ አሁንም ጠበቁ። ድምፃቸው ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ነበር። ሁሉንም ቀረጽኩ። ሙሽሪት ዞራ ስትሄድ ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ፣ እኔንም አዩኝ፣ እኔ ስልኬን አየሁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ በትራቸውን አነሱ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ አስተናጋጇ ከወጥ ቤት ወጣች። ሳህኑ ሁለቴ ሳይነካ ሲመለስባት የማን እንደሆነ ልታይ ነው። ባዶውን ወንበር አየች፣ ከዚያ እኔን። ማን እንደነበረ ጠየቀችኝ። የአንኮበሩ ሽማግሌ መሆናቸውን ነገርኳት፣ ማሽኑ ምን እንዳደረጋቸውም በንዴት ጀመርኩላት። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፣ ስክሪኑ ላይ የቆመው ምስል ይታያል። አየችው።

«አጠገባቸው አልነበርሽ?» አለችኝ።

መልስ አልጠበቀችም። ወጥ ቤት ገብታ ሽሮውን በምሳ ዕቃ ገልብጣ፣ እንጀራ ጠቅልላ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። እኔ ተከተልኳት። ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሄድን።

ሽማግሌውን ያገኘናቸው ግቢው ውስጥ፣ አስታማሚዎች ፀሐይ የሚሞቁበት አጥር ሥር ነው። ከጋቢያቸው ጫፍ የገብስ ቆሎ ፈትተው ይቆረጥማሉ። ሲያዩን ተነሱ። እሷን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ትታቸው የሄደች መስሏቸው ነበር። ለምን ሳይበሉ እንደወጡ ጠየቀቻቸው።

«እምቢ ያሉኝ መስሎኝ ነዋ» አሏት። «መጣች፣ አየችኝ፣ ተመለሰች። ደግሞ መጣች፣ አየችኝ፣ ተመለሰች። ሁለት ጊዜ እምቢ ከተባለ በኋላ ሰው ምን ይቆያል?»

ማሽን መሆኑን አስረዳቻቸው። እሳቸውም ማሽን መሆኑማ እንዳልጠፋቸው፣ ግን የላከው ሰው ስላለ ያ ሰው በማሽኑ ዓይን አይቶ «ይህ ሽማግሌ ይቅር» ያለ እንደመሰላቸው ነገሯት። ልብሳቸው አዳፋ መሆኑን አሰቡ፣ ደንቡን ያጠፉ መሰላቸው። ይህን ሲሉ ቅሬታ አልነበራቸውም፤ የሆነውን እንደሚያወራ ሰው ነው የሚያወሩት። እኔ በዚያን ጊዜ መሬቱን እያየሁ ነበር። ከሁለት ጠረጴዛ ርቀት ሳያቸው የነበርኩት ሴት መሆኔን አውቀው እንደሆነ አላውቅም። ቢያውቁም አላነሱትም። እኔም ልናገር ብዬ ሁለቴ አፌን ከፍቼ፣ ሁለቴም ስለ ሚስታቸው ጠየቅኋቸው።

ብቻቸውን እንደማይበሉ ተናግረው አስቀመጡን። ከምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ሦስታችን በላን። ሽሮው ቀዝቅዟል፣ ነፋሱ አቧራ ያመጣበታል። አስተናጋጇ አጎረሰቻቸው፣ እሳቸው አጎረሷት፣ ከዚያ ለእኔም ጠቅልለው ዘረጉልኝ። ተቀበልኩ። እንደዚያ የከበደኝ ጉርሻ የለም።

ስንመለስ ከወጣን አንድ ሰዓት ገደማ አልፎ ነበር፤ ሳህኑ ተቆልሏል። ሥራ አስኪያጁ አልጮኸባትም። ያለ ፈቃድ ሥራ ጥላ ስለሄደች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጣት በቀስታ ነገራት። መሀል ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ እሷ የሠራችው እሱ ራሱ መሥራት የነበረበትን እንደሆነ ተናገርኩ። እኔ ደንበኛ ብሆንም እሷ ሠራተኛ መሆኗን አስታወሰኝ። ያኔ የሰበሰብኩት ሁሉ ገነፈለ። ሾርባው፣ ወንበሩ፣ ግድግዳው፣ «እናንተ» መባሉ፣ ሁሉንም አፈሰስኩት። ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

አላቋረጠኝም። ስጨርስ ስልኩን አውጥቶ ያኔ የጻፈውን ፈልጎ አገኘና አነበበልኝ። «ማንም ምንም ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል።» የእኔው ቃል ነው፣ አንድም ፊደል አልጨመረበትም።

«ብቻቸውን የሚመጡ ሰዎች ሰው አይፈልጉም ብለን እኮ ነው። እርስዎ ነዎት የነገሩን» አለኝ።

«ባይጠይቀኝ አልኩ እንጂ ባይኖር አላልኩም» አልኩት።

ልጁ ሊያሾፍብኝ እንዳልነበረ አምናለሁ፤ ልዩነቱ ግን አልገባውም። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳውም አላወቅሁም። አሁንም አላውቅም። ከዚያ ቪዲዮውን አየው። ፊቱ ተለወጠ፣ ከልቡ አዘነ። በጣም ጠቃሚ ነገር መሆኑን ነግሮኝ ለሻጮቹ እንዲያስተላልፈው ብልክለት ጠየቀኝ። ላክሁለት። በሳምንቱ ሙሽሪት ሳትመለስ የምትቆይበትን ጊዜ አስረዘሙት፣ ግድግዳው ላይም ሳህን እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳይ ሥዕል ተለጠፈ። ያ ሁሉ ክስ፣ ያ ሁሉ እልህ፣ የሽማግሌው ሁለት ጊዜ ገሚስ መነሳት፣ ማሽኑን ትንሽ የተሻለ ማሽን አደረገው። ሁለተኛው ወንበር አልተመለሰም። ማስጠንቀቂያውም አልተነሳም።

አስተናጋጇ ከዚያ በኋላ አንቱ ትለኝ ጀመር። «ደህና ዋሉ እትዬ፣ ይብሉ» ትላለች በመስኮቷ። ሌላ ሰው ቢሰማ አክብሮት ይመስለዋል። እኔ ግን እንዴት እንደሚያሳርረኝ አውቃለሁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ምንም አይደል አለችኝ፣ ይቅር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከወጥ ቤት ወጥታ አጠገባቸው ቆማለች፣ ወንበር ስለሌለ። አንዱን ቀን እኔ ወንበሬን ሰጥቻት ቆሜ በላሁ። ሥራ አስኪያጁ አይቶ እንዳላየ አለፈ። ከዚያ ሚስታቸው ምርኩዝ ይዘው ቆሙና ወደ አንኮበር ሄዱ።

ክረምት ሲገባ የአስተናጋጇ እጅ መሰነጣጠቅ ጀመረና ሥራውን ለቀቀች። አሁን ከመጠለያው ሁለት ሴቶች ጋር ወደ ደብረ ሲና መውጫ፣ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሸራ ወጥረው ምሳ ይሸጣሉ። አንድ ረጅም አግዳሚ ነው ያለው፤ ሾፌሩም ረዳቱም መንገደኛውም ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ማንም ከማን ጋር እንደመጣ አይታወቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በሥራ ቀን ሩቅ ነው፣ በአንድ ሰዓት አያደርስም አይመልስም። አንዳንዴ አንቺ ትለኛለች፣ አንዳንዴ እርስዎ። እኔም አላስተካክላትም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ግድግዳው ሥር ነኝ። ይህን ስጽፍ ራሴን ያናድደኛል፤ ግን ሌሎቹ ቤቶች «ሰው እየጠበቁ ነው?» ማለታቸውን አልተዉም፣ የምሳ ሰዓቱም አልረዘመም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣች ትመስላለች፣ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አለ። ሙሽሪት ምግቧን ይዛ መጥታ ቆመች። ልጅቷ ስልኳን እያየች ስለነበር አላየቻትም። በዚህ ጊዜ አላመነታሁም፤ ተነሳሁና ሳህኑን አንስቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት፣ አረንጓዴውንም ነካሁላት።

ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ነቅላ አየችኝ። ግንባሯ ተቋጥሮ ነበር።

«አይቼዋለሁ እትዬ፣ እኔ አነሳው ነበር» አለችኝ።

ይቅርታ ብያት ተቀመጥኩ። ማዳመጫዋን መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። በላች፣ ከእኔ ቀድማ ጨረሰች፣ ስትወጣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ። የተቀየመች አልመሰለኝም። ዛሬም መጥታ ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ ርቃ ተቀመጠች፣ እኔም ዓይኔን ከሳህኔ ሳላነሳ ሳህኗን አንስታ አረንጓዴውን እስክትነካ ጠበቅሁ።